ደንበኛው ሳይመዘገብ ዕዳው አይመዘገብም
የዱቤ ደብተርዎን ወደ ኮምፒዩተር ከማዛወርዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በክላርክስተንም ሆነ በቢውፎርድ ሀይዌይ ሱቅ ያለው ወገናችን ከካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ አንድ ደብተር አያጣም። የዱቤ ደብተር ነው። ከኤርፖርት የሚጭነው ባለ ታክሲም እንዲሁ ማይሉንና የሹፌሩን ሂሳብ የሚጽፍበት ማስታወሻ አለው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋልና ልማዱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ደብተር ቡና ይፈስበታል፣ ገጹ ይገነጠላል፣ በግብር ጊዜም ሂሳቡን ደምሮ ማቅረብ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ኮሌጅ የገባውን ልጃችንን ወይም የእህታችንን ልጅ «እስቲ ይህን በኮምፒዩተር ሥራልኝ» እንላለን። ልጁ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ተምሮ ከሆነ ሥራውን ጃንጎ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሊሠራልዎት ይችላል። ጃንጎ የተወጠነው በ2003 በካንሳስ ክፍለ ሀገር፣ ሎረንስ ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ነው። ከ2005 ጀምሮ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል። ዋጋ የለውም ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ልጁ ቢሆንም የሚጠፋው ገንዘብ የእርስዎ ነው። እርስዎ ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ የሚከተሉትን ነጥቦች ይዘው ልጁን መጠየቅ ግን ይችላሉ።

1. አንድ ደብተር ሳይሆን ሦስት መዝገብ

በደብተርዎ ላይ «የእገሌ እናት፣ ጤፍ አንድ ከረጢት፣ በርበሬ 2 ፓውንድ፣ 80 ዶላር» ብለው በአንድ መስመር ይጽፋሉ። በዳታቤዝ ግን ይህ መስመር በሦስት መዝገብ ይከፈላል። የመጀመሪያው የደንበኛ መዝገብ ሲሆን ስምና ስልክ ይይዛል። ሁለተኛው የዱቤ መዝገብ ሲሆን ቀኑንና የማን ዱቤ እንደሆነ ይይዛል። ሦስተኛው የዕቃ ዝርዝር ነው፤ የዕቃው ስም፣ ብዛቱና በዚያ ቀን የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍበታል። ጃንጎ እያንዳንዱን መዝገብ ሞዴል ይለዋል።

የተከፋፈለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደንበኛዋ ስልክ ብትቀይር አንድ ቦታ ብቻ ያርማሉ እንጂ ሠላሳ ገጽ አያገላብጡም። በመዝገቦቹ መካከል ያለው ማሰሪያ ፎሪን ኪ ይባላል። ፎሪን ኪ ማለት ዱቤው ላይ የሚጻፍ የደንበኛው ቁጥር ነው። ስም ይመሳሰላል፤ ቁጥር ግን አይመሳሰልም።

2. ቅደም ተከተሉ

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በጃንጎ አዲስ ደንበኛ ሲፈጠር በመጀመሪያ የሚኖረው በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ብቻ ነው። ሴቭ የሚለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ዳታቤዙ ስለ ደንበኛው የሚያውቀው ነገር የለም። በተለመደው አሠራር ቁጥር የሚያገኘውም ሴቭ ሲደረግ ነው። ቁጥር የሌለው ደንበኛ ላይ ዕዳ ማሰር ደግሞ ስም በሌለው ገጽ ላይ ዕዳ እንደ መጻፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደንበኛው ሴቭ ይደረጋል፤ ከዚያ ዱቤው ከደንበኛው ጋር ታስሮ ሴቭ ይደረጋል፤ በመጨረሻ የዕቃው ዝርዝር ከዱቤው ጋር ታስሮ ሴቭ ይደረጋል።

በ2015 ከወጣው 1.8 እትም ወዲህ፣ ደንበኛው ሳይመዘገብ ዱቤውን ሴቭ ለማድረግ ቢሞከር ጃንጎ እምቢ ብሎ ስህተት ያሳያል። ከዚያ በፊት በነበሩት እትሞች ማሰሪያው በዝምታ ሊጠፋ ይችል ነበር። ስህተቱ ሲወጣ ልጁ ቢበሳጭ አይፍረዱበት፤ ማሽኑ ግን የእርስዎን ገንዘብ እየጠበቀ ነው። ደንበኛው ቀድሞ የተመዘገበ ከሆነ ክሪኤት የሚለው ትእዛዝ ዱቤውን መፍጠሩንና ሴቭ ማድረጉን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

አንድ ሌላ ነገር ልብ ይበሉ። ዱቤውን ሴቭ ማድረግ ደንበኛውን ሴቭ አያደርግም። ልጁ በደንበኛው መዝገብ ላይ «ቀሪ ዕዳ» የሚል ቦታ ሠርቶ፣ ቁጥሩን ለውጦ፣ ዱቤውን ብቻ ሴቭ ቢያደርግ ቀሪው ዕዳ እንደ ድሮው ይቀመጣል። ለዱቤ ሱቅ የሚሻለው ቀሪ ዕዳን ጨርሶ አለመጻፍ ነው። ዱቤዎቹ ይደመራሉ፣ የተከፈለው ይቀነሳል፣ ቀሪው በየጊዜው ይሰላል። ገንዘብ የሚጻፍበትም ቦታ ዴሲማል የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ፍሎት የሚባለው ሳንቲም ያዛባል።

3. ግማሽ መዝገብ ከባዶ ይብሳል

ለምሳሌ ደንበኛዋ የ50 ዶላር ጤፍና የ30 ዶላር በርበሬ በዱቤ ወሰደች እንበል። ፕሮግራሙ ዱቤውንና ጤፉን ከመዘገበ በኋላ መብራት ቢጠፋ በርበሬው ሳይጻፍ ይቀራል። በመዝገብዎ ያለባት ዕዳ 50 ዶላር ብቻ ነው። ማንም ሳይዋሽ 30 ዶላር ጠፋ ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ትራንዛክሽን ይባላል። በጃንጎ አቶሚክ በሚለው ቃል ሥራዎቹ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ወይ ሁሉም ይመዘገባል፣ ወይ ምንም አይመዘገብም። ምንም ካልተመዘገበ እንደገና መጻፍ እንዳለብዎ ያያሉ። ግማሹ ሲመዘገብ ግን የተሟላ መስሎ ያታልላል።

4. ሲሰረዝስ?

ፎሪን ኪ ሲሠራ ጃንጎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ደንበኛው ቢሰረዝ ዕዳው ምን ይሁን? ካስኬድ የሚለው መልስ ከተመረጠ ደንበኛው ሲሰረዝ ዱቤው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። አንድ ሠራተኛ «ይህች ሴት ዴንቨር ሄዳለች» ብሎ ስሟን ቢሰርዝ የዓመት ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ፕሮቴክት የሚለው ከተመረጠ ግን ዱቤ ያለበት ደንበኛ አልሰረዝም ይላል። ለሱቅ ሂሳብ ፕሮቴክት እንዲሆን ልጁን አጥብቀው ይንገሩት።

5. ለባለ ታክሲዎች

ሁለት መኪና ያለው ሰው ችግሩ ትንሽ ይለያል። አንድ መኪና የቀንና የማታ ሹፌር አለው፤ አንዱ ሹፌርም ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ መኪና ይሠራል። ስለዚህ የሹፌሩን ስም በመኪናው መዝገብ ላይ ብቻ ቢጽፉ የትናንቱ ታሪክ በዛሬው ይሸፈናል። በመሃል የፈረቃ መዝገብ ያስፈልጋል። ፈረቃው ሁለት ፎሪን ኪ አለው፤ አንዱ ወደ ሹፌሩ፣ ሌላው ወደ መኪናው። ቀኑን፣ ሲነሳና ሲመለስ የነበረውን ማይልና የገባውን ሂሳብ ይይዛል። ሹፌሩም መኪናውም አስቀድመው ሴቭ ካልተደረጉ ፈረቃው አይመዘገብም።

ይህ መዝገብ ለግብርም መሠረት ይሆናል። አይ አር ኤስ የመኪና ወጪ እንዲቀነስልዎ ሲጠይቁ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የት እንደተሄደና ለምን ሥራ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ይፈልጋል። ስለዚህ የሄዱበትና የሥራው ምክንያትም ቦታ ይኑራቸው። በተለመደው ሁኔታ የግብር ማስረጃ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል። በዓመቱ መጨረሻ ከጭንቅላት የተጻፈ ማይል በምርመራ ጊዜ ብዙ አይረዳም።

በመጨረሻ፣ ልጁ «ጨረስኩ» ሲልዎት ወዲያው ደብተሩን አይጣሉ። ሦስት ነገር አጠገብዎ ያሠሩት። አንድ፣ አዲስ ደንበኛ ሁለት ዕቃ በዱቤ ሲወስድ ይመዝግብና ፕሮግራሙን ዘግቶ ይክፈተው፤ ሁሉም አለ? ሁለት፣ ሁለተኛውን ዕቃ ሆን ብሎ በስህተት ዋጋ ይሙላው፤ የመጀመሪያው ዕቃ ብቻውን ተመዝግቦ ቀረ? ሦስት፣ ዕዳ ያለበትን ደንበኛ ለመሰረዝ ይሞክር፤ ፕሮግራሙ ከለከለው? ሦስቱንም ካለፈ አንድ ወር ደብተሩንና ኮምፒዩተሩን ጎን ለጎን ያስኬዱ። ድምሩ እኩል ከመጣ፣ የዳታቤዙን ቅጂ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ሳይረሱ፣ ደብተሩን ወደ መሳቢያ ይመልሱት።

ቸር ይግጠመን።