መነጽር የተደረገለት የአየር ጠመንጃ ዒላማ ሲስት ጉድለቱን ስለ መመርመር

ጎተራውን ከአይጥ በአየር ጠመንጃ የሚያስጠብቅ ሹም፥ ጥይቱ ወዲያና ወዲህ ሲበተን ቢያይ መነጽሩን ለማዞር አይቸኩል። የተበተነ ጥይት መነጽር በማዞር አይሰበሰብም፤ አስቀድሞ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

አፈሙዙን አጥፈው የሚያቀባብሉት የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከታመቀ የብረት ሞላ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፥ ወዲያውም ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ የባሩድን ግፊት የሚችል መነጽር እንኳ በዚህ ሊበላሽ፥ ብሎኑም ሊላላ ይችላል።

ምርመራው በተራ ይደረግ፤ ይኸውም፦

1ኛ፤ የመነጽሩን ማሰሪያ፥ የእንጨቱንና የአፈሙዙን ማጠፊያ ብሎኖች ማጥበቅ።

2ኛ፤ ጠመንጃውን ጨምቆ አለመያዝ፤ የፊቱን እንጨት በተዘረጋ መዳፍ ላይ አሳርፎ ሁልጊዜ በአንድ አያያዝ መተኮስ።

3ኛ፤ ጥይቱ ለአፈሙዙ ልክ፥ ለ4.5 ወይም ለ5.5 ሚሊሜትር፥ የተሠራ መሆኑን ማየት፤ ልኩ አንድ ሆኖ ቅርጹና ክብደቱ የተለያየውንም መሞከር።

4ኛ፤ ይህ ባይረዳ መነጽሩን አውልቆ በጠመንጃው በራሱ ማነጣጠሪያ መተኮስ። ጥይቱ ከተሰበሰበ ጉድለቱ የመነጽሩ ወይም የማሰሪያው ነው፤ ካልተሰበሰበ ግን በሌላ ስፍራ ይፈለግ።

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የረዳውን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የአፈር ክምር ከበስተኋላው ባለው ወረቀት ላይ፥ በ20 ሜትር ርቀት 5 ጥይት ይተኮስ። ጥይቶቹ ባንድ ስፍራ ሲሰበሰቡ፥ መነጽሩ ያን ጊዜ ወደ ዒላማው መካከል ይስተካከል።

እስከዚያ ድረስ ጠባቂው በጎተራው አጠገብ እንዳይተኩስ ይከልከል፤ አቅጣጫውን የሳተ ጥይት የሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና።