የዘርና የማዳበሪያ መዝገብ በወረቀት ሲታተም ስለ ገጽ አቀማመጥ የተሰጠ ትምህርት

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት፥ ሰፊ እርሻ ያላቸውም ሰዎች፥ የገበሬውን ስምና የሚወስደውን የዘር መጠን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት በኤክሴል ነው። ነገር ግን ዘሩ ከመጋዘን የሚወጣው ታትሞ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ነው፤ ገበሬው የሚፈርመው በወረቀቱ ላይ ነው፤ መርማሪ ሲመጣም የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ መዝገቡ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምንም እንኳ በደንብ ቢጻፍ፥ አታሚው ቈራርጦ ካወጣው ሥራው ተፈጽሟል ለማለት አይቻልም።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳለን። 240 ገበሬዎች የተጻፉበት ሠንጠረዥ አለ እንበል፤ ዓምዶቹም ተራ ቍጥር፥ ስም፥ ቀበሌ፥ የመሬት ስፋት፥ የዘር መጠን፥ የዩሪያ መጠን፥ ዋጋና ፊርማ ናቸው። ጸሓፊው አስቀድሞ ሳያሰናዳ እንዲታተም ቢያዝና ከስምንቱ ዓምዶች አምስቱ ብቻ በወረቀቱ ስፋት ቢገቡ፥ በአንዱም ወረቀት 40 ሰው ቢያርፍ፥ ስሞቹ በስድስት ወረቀት ያልቃሉ። ኤክሴል ግን ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር አስቀድሞ ወደ ታች ጨርሶ ነው ወደ ቀኝ የሚሻገረው። ስለዚህ የዩሪያው መጠን፥ ዋጋውና የፊርማው ቦታ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ባለው ወረቀት ላይ ለብቻቸው፥ ስም ሳይኖርባቸው ይወጣሉ። የ1ኛው ወረቀት ጓደኛ 7ኛው ነው እንጂ 2ኛው አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ወረቀቶቹን አሳስቶ ቢያጋጥም የአንዱ ገበሬ ዩሪያ በሌላው ስም ይወጣል፤ ዝናብ ከገባ በኋላ እንዲህ ያለውን ስሕተት ማቃናት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ፔጅ ሌይአውት በሚባለው ክፍል ኦሪየንቴሽን ከሚለው ላንድስኬፕን፥ ይኸውም የወረቀቱን አግድም፥ መምረጥ ነው። ቀጥሎም ስኬል ቱ ፊት በሚለው ስፍራ ዊድዝን ወደ 1 ገጽ ማድረግ፥ ሃይትን ግን አውቶማቲክ እንደ ሆነ መተው ነው። ሁለቱንም 1 ያደረገ ጸሓፊ 240 ሰው በአንድ ወረቀት ጨምቆ የጕንዳን ሰልፍ የሚመስል ጽሕፈት ያወጣል። በ11 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ወደ 60 በመቶ ሲያንስ 6.6 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ በዚህም መጠን የፊደሉ ቅጥያ ስለሚደበዝዝ «በ»ን ከ«ቡ»፥ «ረ»ን ከ«ሩ» መለየት ያስቸግራል። እኛ እንደሚመስለን ከ70 በመቶ በታች ከማሳነስ ለሥራው የማያስፈልገውን ዓምድ መሰወር፥ አለዚያም የኤ4 ዕጥፍ በሆነው በኤ3 ወረቀት ማሳተም ይሻላል።

ፕሪንት ታይትልስ በሚለውም ገብቶ የዓምዶቹ ስም ያለበት ረድፍ በየወረቀቱ ራስ እንዲደገም ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ በ4ኛው ወረቀት ላይ ያለው ቍጥር ኪሎ ይሁን ብር ማን ያውቃል? ከግርጌው ደግሞ «ገጽ 3 ከ6» ተብሎ ቢጻፍ አንድ ወረቀት የጠፋ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የወረቀቱንም ልክ መመልከት ይገባል። በቢሮዎቻችን ያለው ኤ4 ስፋቱ 210፥ ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ነው፤ ልኩም በጀርመን አገር በ1922 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ከወጣው ደንብ የመጣ ነው። ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት ግን ስፋቱ 216፥ ቁመቱ 279 ነው። የኮምፒዩተሩ አገር አሜሪካ ተብሎ የተመዘገበ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ሌተርን ይይዛል፤ አታሚውም ወይ ወረቀት አምጡ ብሎ ይቆማል፥ ወይም ዳሩን ይቈርጣል።

ስለ ኅዳግም ቸል ማለት አይገባም። የወረቀት መብሻው የቀዳዳውን መካከል ከዳር 12 ሚሊሜትር ገብቶ ይበሳል፤ የቀዳዳው ወርድ 6 ስለ ሆነ እስከ 15 ሚሊሜትር ድረስ ያለው ጽሕፈት ይጠፋል። በኤክሴል ናሮው የሚባለው የግራና የቀኝ ኅዳግ ከ7 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ኅዳግ የታተመ መዝገብ በግራ ሲበሳ ተራ ቍጥሩ ይበሳል። ለሚጠረዝ መዝገብ 25 ሚሊሜትር መተው ይበቃል፤ ወረቀቱ አግድም ሲሆን ግን የሚበሳው በረጅሙ ጎን ስለ ሆነ ይህ ኅዳግ በላይ በኩል መተው አለበት።

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። በፊልተር የተደበቁ ረድፎች አይታተሙም፤ ሰም በሚባለው ትእዛዝ የተደመረው ጠቅላላ ድምር ግን እነርሱንም ይቈጥራል። የገበሬው ስም ጠፍቶ ኩንታሉ በድምሩ ውስጥ ሲቀር፥ ቀሪው በማን እጅ እንደ ገባ ማስረዳት የፈራሚው ሹም ዕዳ ነው። ስለዚህ ተራ ቍጥሩ ሳይዘል መውረዱን አይቶ መፈረም ነው።

በዎርድ በተጻፈ ሪፖርት መካከል አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ የገባ እንደ ሆነ፥ ከፊቱና ከኋላው ሴክሽን ብሬክ አድርጎ ያንን ክፍል ብቻ ማጋደም ይቻላል፤ ይህ ካልሆነ ደብዳቤው በሙሉ ይጋደማል።

መዝገቡ በሌላ ቢሮ የሚታተም ከሆነ በፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይሻላል። የተጻፈበት የአማርኛ ፎንት በዚያኛው ኮምፒዩተር ላይ ካልተገኘ ሌላ ፎንት ይተካበታልና የዓምዱና የገጹ ልክ ይለወጣል፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት እንኳ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ አይገኝም። በመጨረሻም 240ውን ሰው ከማሳተም በፊት በፕሪንት ፕሪቪው የገጹን ብዛት ማየት፥ ቀጥሎም 1ኛውን ገጽ ብቻ አሳትሞ የፊርማው ዓምድ ከስሙ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መውጣቱን መመልከት ነው።