አዋሽ የሚያልቅበት አገር፦ ወደ አሳይታ ከመጓዛችን በፊት



የሴሚስተር እረፍት ሲቃረብ ጀማዓው ውስጥ የጉዞ ወሬ መነሳቱ የተለመደ ነው። ሐረር ይባላል፣ ነጃሺ ይባላል፣ ባሌ ሼኽ ሑሴን ይባላል። አሳይታን የሚያነሳ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም «በዚያ ሙቀት?» ተብሎ ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔ ደግሞ ለአሳይታ ልከራከርላት ነው። በተለይ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ከእኛም መካከል ሲቪልና የውሃ ምህንድስና የምንማረው፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህችን ትንሽ ከተማ ማየት አለብን ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት መድረሳ የቀራናቸውን ሁለት መስአላዎች ከመንገዱ ጋር እያያያዝኩ አቀርባለሁ።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማና በአዋሽ ሰባት ኪሎ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ገዋኔን ካለፈ በኋላ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል። ፓርክ ሲባል ዛፍና ጥላ የሚጠብቅ ሰው ግራ ይገባዋል። የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ አቧራ፣ እዚህም እዚያም የተበተነ እሾሃማ ቁጥቋጦና ሜዳው መሐል ቀጥ ብሎ የቆመው የያንጉዲ ተራራ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ በ1977 ለፓርክነት የተመረጠው በዋናነት ለየዱር አህያ ተብሎ ነው። ዛሬ በየገበያው የምናየው የቤት አህያ ዘሩ ከዚህ እንስሳ የሚመዘዝ ሲሆን፣ የዱሩ ግን ከምድር ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ ነው። ሳላና ሰጎንም የአካባቢው እንስሳት ናቸው። ከአውቶቡስ መስኮት የምታዩት ግን ምናልባት የአፋር አርብቶ አደሮችን ግመልና ፍየል ነው። ሣሩ ጥቂት ነው፣ ውሃውም ጥቂት ነው፤ የዱሩም የቤቱም እንስሳ ይፈልገዋል።

የመጀመሪያው መስአላ እዚህ ላይ ይነሳል። ሸሪዓችን «ሒማ» የሚባል ነገር ያውቃል፤ ለጋራ ጥቅም ሲባል ተከልሎ የሚጠበቅ የግጦሽ መሬት ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል፤ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ረበዛን ከልለዋል። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ዑመር ለሒማው ጠባቂ ለሁነይ የሰጡት መመሪያ በጣም የሚደንቅ ነው። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ አዘዙት፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል ነገሩት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፦ የሀብታሙ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምሩና ወደ እርሻው ይመለሳል፣ የድሃው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ከኸሊፋው ደጅ ይቆማል። የተከለከሉት ሁለቱ ከታላላቅ ሰሐቦች መሆናቸውን ልብ በሉ። መከለል ይፈቀዳል፤ ክልከላው ግን ከላይ ካለው ነው የሚጀምረው። አሁን በዚህ ሚዛን ያንጉዲ ራሳን ተመልከቱ። በድርቅ ጊዜ አርባ ፍየል ብቻ ይዞ የሚመጣውን አፋር ከሜዳው ማስወጣት በሁነይ መመሪያ መሠረት የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል ማለት ነው። የዱር አህያውም የአላህ ፍጥረት ነውና ድርሻ አለው፤ የእሱን ድርሻ ማን ይክፈል የሚለው ነው ጥያቄው።

ሚሌን አልፎ፣ ሎጊያንና ሰመራን ትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ አሳይታ ይደረሳል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 300 ሜትር ብቻ ነው። ሰመራ ከመቆርቆሯ በፊት የአፋር ክልል ዋና ከተማ እሷ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ። አውሳ የሚለው ስም ከከተማዋ ሰፋ ይላል፤ አዋሽ የሚያጠጣውን ለም ምድር በሙሉ ይጠራበታል። እ.ኤ.አ በ1577 ሐረር በጦርነት ስትዳከም ኢማም ሙሐመድ ጋሳ መንበሩን ይዞ ወደዚህ ምድር ወረደ። ከኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ቤተሰብ የነበረው ይህ ሰው በረሃ መሐል ለመንግሥት የሚበቃ ቦታ ያገኘው ወንዙ ስላለ ነው። ኢማምነቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አከተመ። እ.ኤ.አ በ1734 ደግሞ የሙዳይቶ አፋር መሪ ከዳፉ አዲስ ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ከዚያ ወዲያ በ1875 የግብፅን ጦር ይዞ የመጣው ሙንዚንገር አውሳ ላይ ተሸንፎ ተገድሏል። እስከ ቅርብ ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሱልጣን ዐሊሚራሕ ሐንፈሬ በ1944 ሥልጣን ይዘው፣ በደርግ ጊዜ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሰደው፣ በ1991 ተመልሰው፣ በ2011 ወደ አኺራ ሄደዋል። አላህ ይዘንላቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ያኖረው አዋሽ ነው። በክረምት ይሞላል፣ ደለል ያለብሳል፣ ሲጎድል ሣርና እህል ይበቅላል።

አዋሽ ባሕር አይገባም። በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ከአሳይታ ባሻገር ባሉት እንደ ገመሪና አፋምቦ ባሉ ሐይቆች አልፎ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው ጨዋማ የአቤ ሐይቅ ያልቃል። በሃይድሮሎጂ ኮርስ «ዝግ ተፋሰስ» የምንለው ይህን ነው። የዝግ ተፋሰስ ትርጉሙ ለፈተና ቀላል ነው፤ ለአሳይታ ሰው ግን ከበድ ይላል። ከላይ የተወሰደ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከታች ይጎድላል፤ ከላይ የተደፋ ቆሻሻም ታች ይቀራል፤ ጠርጎ የሚወስደው ባሕር የለም።

ሁለተኛው መስአላ ስለዚሁ ነው። ሚንሃጅን የቀራችሁ «ኢሕያኡል መዋት» የሚለውን ባብ ታስታውሳላችሁ። ኢማም ነወዊ እዚያ እንዳስቀመጡት የወንዝና የምንጭ ውሃ ለሰው ሁሉ እኩል ነው። ውሃው ጠቦ ለመስኖ ያልበቃ እንደሆነ ከላይ ያለው ይቀድማል፣ ቀጥሎ ያለው ይከተላል፤ እያንዳንዱም የሚይዘው ውሃው ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ብቻ ነው። መነሻው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የዙበይርና የአንሷሪው ክርክር ነው። መዲና ውስጥ ከሐራ የሚወርደውን ውሃ ከላይ የነበረው ዙበይር (ረ.ዐ) ያጠጣበት ነበር፤ አንሷሪው ልቀቅልኝ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ የፈረዱት ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነበር፦ ዙበይር የሚያስፈልገውን ያህል አጠጥቶ ለጎረቤቱ እንዲለቅ። አንሷሪው በፍርዱ ባለመደሰት ሲናገር ነው የዙበይርን ሙሉ ሐቅ የሰጡት።

ብዙዎቻችን ከዚህ ሐዲስ የምንይዘው «ከላይ ያለው ይቀድማል» የሚለውን ብቻ ነው። ዑለማዎች ግን አንድ ቀይድ ጨምረዋል፤ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው። ከታች ያሉት ቀድመው መሬቱን ያለሙ ከሆነ፣ ኋላ መጥቶ ከእነሱ በላይ አዲስ መሬት የሚያለማ ሰው ውሃቸውን አስቀድሞ ሊወስድባቸው አይችልም። የቀደመው ይቀድማል። ኢብኑ ቁዳማም በሙግኒ ይህንኑ ያብራራሉ። የሰውና የእንስሳ መጠጥ ደግሞ ከመስኖ ሁሉ በፊት ነው።

ይህን ቀይድ ይዛችሁ የአዋሽን የቅርብ ታሪክ አንብቡ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው፤ የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ ቀጥሎ መተሐራ ላይ ስኳር መጣ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአውሳ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ ውሃ ኖሯል። እርሻዎቹ የያዙት መሬት አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። የ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ መሸሻው ታርሶ ስለቆየ ብዙ ከብት አለቀ፣ ብዙ ሰውም ተራበ። ዝናብ የከለከለው አላህ ነው፤ መሸሻውን የዘጋው ግን ወረቀት ላይ የተሠራ ዲዛይን ነው።

ግድብ ሁሉ ዙልም ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያ ካልኩማ ዲፓርትመንት መቀየር አለብኝ። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ የሚለቅ ግድብ ለአሳይታ ራሕመት ሊሆን ይችላል፤ ከከተማዋ በላይ የተሠራው የተንዳሆ ግድብም ይህን የማድረግ አቅም አለው። ያም ሆኖ በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ዱብቲን፣ አሳይታንና አፋምቦን ሲያጥለቀልቅ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ውሃ ሲያንስ የመጨረሻው ተራ የታችኛው ሰው ነው፤ ሲበዛ ደግሞ እሱ ላይ ይወርዳል።

ነገሩ የስኳርና የጥጥ ብቻም አይደለም። የአዲስ አበባ ወንዞች በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባሉ። ከየሰፈሩና ከየፋብሪካው የሚለቀቀው ፍሳሽ መንገዱ ያ ነው። መንገድ፣ ጥላና የውሃ መቅጃ ላይ መጸዳዳት እርግማን የሚያስከትል መሆኑን ልጅ ሆነን ተምረናል። አንድ ሰው በአንድ ምንጭ ላይ ሲያደርገው ይህን ያህል ከከበደ፣ የአንድ ከተማ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ላይ እንዲገናኝ ሥዕል የሚስልና የሚፈርም ኢንጂነር ነገ አላህ ፊት ምን ይላል? ፈራሚዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ እኛ ነን።

ለጉዞው ራሱ ጥቂት ልጨምር። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በበጋው ማብቂያና በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ርቀቱ ከበቂ በላይ ስለሆነ ሶላት ማሳጠርም ማጣመርም ይቻላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን የገባችሁበትንና የምትወጡበትን ቀን ሳይጨምር አራት ቀን ለመቆየት ከነየታችሁ እንደ ነዋሪ ትሰግዳላችሁ። ጁሙዓ በሙሳፊር ላይ ግዴታ ባይሆንም አሳይታ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር አለመስገድ የሚያስቆጭ ነው። ሰውም ቤትም ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ደግሞ አፋር «ዳጉ» የሚባል ደንብ አለው፤ መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ከነምንጩ ይነጋገራል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም። እናንተም ትጠየቃላችሁ፤ ያላያችሁትን እንዳየ ሰው አታውሩ። በተራችሁም ጠይቁ፦ ውሃው በየትኛው ወር ይመጣል? ቀድሞስ? ቦዩን ማን ይጠርጋል? ከብቱ በበጋ የት ይውላል? ከሃይድሮሎጂ ሰንጠረዥ የማይገኝ መልስ ታገኛላችሁ።

ለሚቀጥለው ሐለቃ ሁለት ጥያቄ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ አዳማ የሚጠጣው ከአዋሽ ነው፣ ከላይ ስኳር አለ፣ ከታች አውሳ አለ፤ በነወዊ ቅደም ተከተልና በ«የቀደመው ይቀድማል» ቀይድ ተራው እንዴት ይደረደራል? ሁለተኛ፣ ግድብ እንዳይሰበር በነሐሴ በሩን መክፈት የግድ ቢሆን፣ ከታች ላለው ሰው ማስጠንቀቂያውም ካሳውም የማን ግዴታ ነው? ሚንሃጅ ያላችሁ ባቡን ይዛችሁ ኑ፤ የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች የአዋሽን ተፋሰስ ካርታ አትርሱ።