መንገድ ከሥሩ እንዳይበላሽ

መረሬ መሬት የሚያርስ ገበሬ የመሬቱን ጠባይ ያውቀዋል። በክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ በሬውንም ሰውንም እግር ይይዛል። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እናይበታለን። አንዳንዱ አካባቢ ዋልካ ይለዋል። በአገራችን ይህ ዓይነት አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ይገኛል። ከዚህም ብዙው በደጋና በወይና ደጋ ነው። ሰውም እህልም የበዛው እዚያ ስለሆነ መንገዱም በዚሁ አፈር ላይ ያልፋል።

ታዲያ አስፋልት ተነጥፎ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ሲቦረቦር ብዙዎቻችን «ሬንጁን ሰርቀውት ነው» እንላለን። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን በሽታው ያለው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው።

አስፋልት የምንለው ጥቁሩ ነገር ልብስ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ አንድ ስንዝር አይሞላም። ጭነቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው የተፈጨ ድንጋይና ገረጋንቲ ነው። ከዚያ በታች የተፈጥሮው አፈር አለ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ታች ይጫናል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ይችለዋል። ውሃ የጠገበ ከሆነ ግን ድንጋዩ ቀስ በቀስ ወደ ጭቃው ይሰምጣል፤ ጭቃውም በድንጋዩ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ጭቃ ከሆነ፣ የድንጋዩ ጉልበት ወደ ጭቃው ጉልበት ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ አስፋልቱ የሚደግፈው ያጣና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ለመሆን አንድ ክረምት ይበቃዋል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ለማድረስ የሮጠ ሰው፣ የመንገድ መቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

እንግዲህ ሥራው ድንጋዩንና ጭቃውን መለየት ነው። እኛም በቤታችን ይህን እናደርጋለን። እህል ስናሰጣ ከአፈር እንዳይቀላቀል ከሥሩ ሰሌን ወይም ሸራ እናነጥፋለን። የመንገድ መሐንዲሶችም በአፈሩና በድንጋዩ መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባል ጨርቅ ያነጥፋሉ። ጨርቁ ጭቃውን ያግዳል፤ ውሃውን ግን ያሳልፋል። ጠላ በጨርቅ ስናጠል ጠላው ወርዶ አተላው ይቀር የለም? እንደዚያ ነው።

ጨርቁ በብዛት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ስሙ ከከበዳችሁ ማዳበሪያ የሚመጣበትን ነጭ ጆንያ አስቡ፤ እሱም ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ጆንያ ቀዶ መንገድ ላይ ማንጠፍ አይሆንም። የመንገዱ ጨርቅ ጥንካሬውም ቀዳዳውም ተለክቶ የሚሠራ ነው። ጆንያ ፀሐይ ላይ ረስታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ሲነኩት ይፈረፈራል። የመንገዱም ጨርቅ ጠላቱ ፀሐይ ነው። አፈር ከለበሰ አይበሰብስም፤ ብዙ ዓመት ይኖራል። ተዘርግቶ ሳይሸፈን ሳምንታት ከከረመ ግን ገና ሥራ ሳይጀምር ይደክማል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ አገር፣ በደቡብ ካሮላይና፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመንገድ ላይ አነጠፈ። በጨርቁ ላይ ትኩስ ሬንጅ አፈሰሰበት፤ ከላዩም አሸዋ በተነበት። ጨርቁ እስኪበሰብስ ድረስ መንገዱ ደህና ቆየ። ችግሩ ጥጥ አፈር ውስጥ መበስበሱ ነው። የማይበሰብስ ክር በፋብሪካ መሠራት እስኪጀምር ነገሩ ብዙ ዓመት ጠበቀ። ጂኦቴክስታይል የሚለው ስም ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ከጨርቁ ሌላ ጂኦግሪድ የሚባል መረብ አለ። ቤት ስንመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር እናቦካለን። ጭድ የሌለው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ያለው ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። መረቡም እንደ ጭዱ ነው። ድንጋዩ በመረቡ ቀዳዳዎች ገብቶ ይያዛል፤ ከባድ መኪና ሲጫነውም ወደ ጎን አይንሸራተትም።

መረሬ ያለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር በብዛት አለ። በዚያም የአስፋልቱ ዳርና ዳር በቁመቱ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። መሐንዲሶቹ አንዱን የመንገድ ክፍል መረብ አንጥፈው፣ ሌላውን ያለ መረብ ሠርተው አነጻጸሩ። መረብ የሌለው በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ መረብ ያለው ግን ደህና ቆየ። መረቡ አፈሩን ከማበጥ አይከለክለውም። ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይወጣ ግን ይይዘዋል።

ያረጀ አስፋልት ላይ አዲስ ሲደረብም ሬንጅ የጠጣ ጨርቅ በመካከል ይነጠፋል። የድሮው ስንጥቅ ወደ አዲሱ ቶሎ አይወጣም፤ ውሃም በቀላሉ አይሰርግም። ስንጥቁን ያዘገየዋል እንጂ ለዘላለም አያስቀረውም።

ጨርቁና መረቡ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል ግን ከሩቅ የሚጫነውን ገረጋንቲ ይቀንሳሉ፤ የጥገናውንም ወጪ ያቀልላሉ። በእኛ አስተያየት በመረሬ ላይ ወጪው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ውሃው መውጫ ካገኘ ብቻ። ውሃ ከተኛበት ጨርቁ ብቻውን አያድነውም። ይህን የእንዋሪ ገበሬዎች ቢነግሯችሁ ይሻላል። እነሱ መረሬውን በእጅ መደብ እየሠሩ፣ በመደቦቹ መካከል ቦይ እያወጡ የክረምቱን ውሃ ያፋስሳሉ። መደቡ ደረቅ ከሆነ ሰብሉ ይቆማል። መንገድም ከፍ ብሎ የሚሠራው፣ በግራና በቀኝ ቦይ የሚቆፈርለት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ቦዩን የሚደፍነው ማን ነው? አንዳንዴ እኛው ነን። እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ እናርሳለን፤ አፈሩ በጎርፍ ወርዶ ቦዩን ይሞላዋል። ገለባና ድንጋይ ቱቦው አፍ ላይ እንጥላለን። ባሕር ዛፍ ከመንገዱ ሥር እንተክላለን፤ በበጋ ሥሩ የአፈሩን ውሃ ይመጥና ዳሩ ይሰነጠቃል። እነዚህን መተው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰኔ ሳይገባ ቦይ መጥረግም የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

የገበሬውም አቤቱታ ግን እውነት አለው። ከመንገዱ የሚሰበሰበው ውሃ በአንድ ቱቦ ሲለቀቅ የሰው ማሳ ይቦረቡራል። ማሳው የታጠበበት ሰው ቱቦውን በድንጋይ ቢደፍነው አይገርምም። ሲደፍነው ግን ውሃው ወደ መንገዱ ሥር ይመለሳል፤ ጨርቁም መረቡም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ቀያሾች ሲመጡ፣ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት፣ «ውሃው የት ነው የሚጣለው?» ብለን በቀበሌ ስብሰባ እንጠይቅ። የክረምት ጎርፍ የሚወርድበትን መስመር ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው ስለሌለ፣ ቀያሹን በእግር ወስደን እናሳየው፤ ቦታውንም በድንጋይ ምልክት እናድርግለት።