ኮረብታ ላይ ያለው ኩሬ

በጃፓን፣ በካናዛዋ ከተማ፣ ከቀድሞ ገዢዎች ግንብ ፊት ለፊት ኬንሮኩኤን የተባለ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራ አለ። ስፋቱ 11 ሄክታር ያህል ነው። የተሠራው በአንድ ቦታ ተቀምጠው እንዲያዩት ሳይሆን እየተዘዋወሩ እንዲጎበኙት ነው። መንገዱ ሆን ተብሎ ይጠማዘዛል። ከጥድ ኋላ ኩሬ፣ ከኩሬው ማዶ ድልድይ ብቅ ይላል፤ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ ደግሞ ያ ሁሉ ይሰወራል። በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ የተመለሰ ሰው ጎበኘሁት ባይል ይሻለዋል።

ስሙ «ስድስቱን ያጣመረ» እንደ ማለት ነው። ስድስቱ ጠባያት በቻይና ስለ ሉዎያንግ የአትክልት ስፍራዎች ከተጻፈ የጥንት ጽሑፍ የተወሰዱ ሲሆን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋጫሉ፦ ስፋትና ሰዋራነት፣ የሰው እጅ ሥራና ጥንታዊነት፣ ውሃና ሩቅ የሚያሳይ እይታ። ተማሪዎች፣ የመጨረሻውን ጥንድ አስተውሉ። ሩቅ ለማየት ከፍታ ያስፈልጋል፤ ውሃ ግን ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ታዲያ ከፍ ባለው ስፍራ የተንጣለለው ትልቁ ኩሬ፣ ካሱሚጋይኬ፣ ውሃውን ከየት አገኘ?

ነገሩ የሚጀምረው ከእሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1631 የተነሣ ቃጠሎ ግንቡን አወደመው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1632፣ አገሩን የሚገዛው የማኤዳ ቤተሰብ የሳይ ወንዝን ከላይኛው ተፋሰስ አስጠልፎ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቦይ አስቆፈረ። ከፊሉ በዋሻ ውስጥ ያልፋል። ቦዩ የሚያዘቀዝቀው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ከተማው ከታች ሲቀር ውሃው ከፍታውን ሳያጣ ኮረብታው ላይ ይደርሳል። መስኖ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የአትክልት ስፍራው ራሱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1676 ነው።

ከኩሬው ወደ ታች ሲወርዱ ውሃ ወደ ላይ የሚተኮስበት ፏፏቴ ይገኛል። ቁመቱ 3.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሞተር ግን የለውም። ከላይ ካለው ኩሬ በቧንቧ የሚወርደው ውሃ በራሱ ግፊት ይፈናጠራል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ሲሆን በጃፓን ከሁሉ የቆየ እንደሆነ ይነገርለታል። የፊዚክስ መምህራችሁ ስለ ፈሳሽ ግፊት ሲያስተምሯችሁ ይህን አስታውሷቸው።

በኩሬው ዳር የካራሳኪ ጥድ የሚባል ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ወደ ውሃው ዘርግቶ ይታያል። የካናዛዋ በረዶ እርጥብና ከባድ ነው፤ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ስለዚህ በየዓመቱ ከኅዳር 1 ጀምሮ (በእነርሱ አቆጣጠር) አትክልተኞች ከዛፉ በላይ ረጅም ምሰሶ ያቆሙና ከጫፉ ገመድ እያወረዱ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ያንጠለጥላሉ። ከሩቅ ሲታይ ክዳን የሌለው ጎጆ ይመስላል። በመጋቢት ይፈቱታል።

ስፍራው ቀድሞ የገዢዎቹና የእንግዶቻቸው ነበር፤ በ1874 በይፋ ለሕዝብ ተከፈተ። ዕድሉ የሚገጥማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ትልቁን ኩሬ ዙሩት፣ ከዚያ ወደ ፏፏቴው ውረዱ፤ ስትወርዱም ደረጃውን ቁጠሩ። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ያ የወረዳችሁት ከፍታ ነው።