የስኳር በሽታና የእግር ቁስል

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ሲወጣበት ብዙ ጊዜ አያመውም። ስለማያመውም ቁስሉን ይንቀዋል፤ ገበያ ሲወጣ፣ ሥራ ሲውል ይረግጥበታል። አደጋው የሚመጣው ግን ከዚሁ ሕመም ማጣት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ለብዙ ዓመት በደም ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ሥርንም ያጠባል። የደነዘዘ እግር ምስማር ቢወጋው፣ ጠባብ ጫማ ቢልጠው፣ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም። ደምም በሚገባ ስለማይደርሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። አመርቅዞ ወደ አጥንት የዘለቀ እንደ ሆነ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቁት እንግሊዛዊ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ሲሠሩ፣ የሕሙማኑ እግር የሚቆስለው ደዌው ሥጋውን ስለ በላው ሳይሆን በደነዘዘ እግር ዘወትር ከመርገጥ የተነሣ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ የቆሰለውን እግር በጀሶ ሸፍኖ ከጫና ማሳረፍ ዋና ሕክምና ሆነ። ይኸው ዘዴ ዛሬ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ለስኳር ሕሙማንም ይሠራበታል።

እንግዲህ ቁስል የወጣበት ሰው የሚከተለውን ሊፈጽም ይገባዋል፤

1ኛ/ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳይ፤ እብጠት፣ መቅላት፣ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ይሂድ።

2ኛ/ በቆሰለው እግር ከመርገጥ ይቆጠብ።

3ኛ/ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ይሸፍን፤ ቅጠልም ዱቄትም አይነስንስበት፤ እግሩን በሙቅ ውሃ አይዘፍዝፍ፤ እሳትም አያሙቅበት።

4ኛ/ የታዘዘለትን የስኳር መድኃኒት አያቋርጥ፤ ትምባሆም ይተው።

ቁስሉ ከሻረ በኋላም ጥንቃቄው አይቀርም፤ ከዳኑት 10 ሰዎች መካከል 4 ያህሉ በ1 ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉና። ስለዚህ በየማታው እግርን ከጣቶች መካከል እስከ ተረከዝ መመርመር፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳበስ፣ በቤት ውስጥ እንኳ በባዶ እግር አለመሄድ ያስፈልጋል። ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይመልከትለት።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ቁስል ያለበትን ሠራተኛ እስኪድን ድረስ ተቀምጦ በሚሠራበት ሥራ ላይ ቢመድቡት፣ እግሩንም እንጀራውንም ያተርፉለታል።