ገመዱን የያዘው ማን ነበር?

ከአሱር ሶላት በኋላ የጨፋ ሙቀት ረገብ ይላል። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ደሴው አስፋልት መልሰው፣ ቶናውን ይዘዋል። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የገባው የልጅ ልጃቸው ከስልኩ ቀና አለ።

«አባባ፣ ያለምዘርፍ የኋላው ክብረ ወሰን ሰበረች ሲሉኝ አልነበር? የውሸት ነው እኮ! መንገዱ አጭር ነበር።»

ስኒው ረከቦቱ ላይ ጠንከር ብሎ ተቀመጠ።

«ማን አሳጠረው? እሷ ናት?»

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ በአንትሪም የባሕር ዳርቻ ግማሽ ማራቶን ላይ ነው። የ22 ዓመቷ ያለምዘርፍ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገባች። ከዚያ በፊት ከ64 ደቂቃ በታች የገባች ሴት አልነበረችም። ክብረ ወሰኑ የኬንያዊቷ የሩት ቼፕንጌቲች ነበር፤ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኢስታንቡል የተመዘገበ። ያን ዕለት ሁለተኛ የወጣችውም ያለምዘርፍ ራሷ ናት። አንትሪም ላይ ደስታው ሳይበርድ መንገዱ ድጋሚ ተለካ፤ 54 ሜትር ያህል አጥሮ ተገኘ። ክብረ ወሰኑም ሳይጸድቅ ቀረ።

«ከዚያ በፊትስ ምን ሠርታ ነበር?» አለ ልጁ።

«በ2011 ራባት ላይ የአፍሪካ ጨዋታዎች ወርቅ፣ በ2013 ጥቅምት ግዲኒያ ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶን ነሐስ፣ በወሩ ዴልሂ ላይ ድል። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። አንተ ስለ 54 ሜትሩ ስማኝ።»

እጃቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እርሳቸው ጎረምሳ ነበሩ፤ ገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲደለድል የቃጫውን ገመድ አንድ ጫፍ ይዘው ማሳ ለማሳ ዞረዋል። ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ ተለክቶ ተሰጣት። ኋላ ክስ ተነሣና ድጋሚ ይለካ ተባለ። የተለካው ማለዳ ነበር፣ ገመዱ ጤዛ ላይ አድሮ። ቃጫ ሲርስ ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበ ገመድ ደግሞ ያንኑ ማሳ ሲለካ ቁጥሩ ይበዛል። ሴትዮዋ ድንበር ገፊ ተብላ ስሟ ጠፋ። ቆይቶ ገመዱ ደርቆ ሲለካ ልክ ሆነ፤ ግን ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም።

«እኔም አልጠየቅኋት» አሉ ሽማግሌው።

ከዚህ በኋላ ልጁ ተረሳ። ሽማግሌው ራሱን ስሙን ያዙት፦ ክብረ ወሰን። ወሰን ድንበር ነው፤ ድንበር ደግሞ ያለ ለኪ አይኖርም። የጎዳና ሩጫ ለኪዎች ገመድ ይዘው አይዞሩም፤ ፊተኛው ጎማው ላይ ቆጣሪ የታሰረለት ብስክሌት ይነዳሉ። ብስክሌቱ አስቀድሞ በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይፈተናል፤ ሥራው ሲያልቅም እንደገና ይፈተናል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ሲወጣ የጎማው አየር ይነፋል፣ ሲበርድ ይሟሽሻል። «ጤዛና ቃጫ በላቸው!» ለኪው በየመታጠፊያው ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሯጭ ሊያገኘው የሚችለውን አጭሩን መስመር ይከተላል። በዚያ ላይ ለጥንቃቄ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። ለግማሽ ማራቶን 21 ሜትር መሆኑ ነው። ሯጭ ግን ሜትር ይዞ አይሮጥም፤ በተዘረጋለት መንገድ ይሮጣል።

ቡናው ቀዝቅዟል። ልጁ ስልኩ ላይ ሲደምር ቆይቶ ነበር።

«አባባ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ትሮጥ ነበር። 54 ሜትሩ 10 ሰከንድ አይሞላም።»

«ጨምርበት።»

«1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ53።»

«ከሩትስ?»

«በ9 ሰከንድ ትበልጣለች!» አለና ወዲያው ተጠራጠረ። «ግን ያልሮጠችውን እንዴት ይቆጥሩላታል?»

«አይቆጥሩላትም። አይጸድቅም ያሉት ልክ ናቸው። እኔ የተጣላሁት ‹የውሸት› ካልካት ቃል ጋር ነው።»

ማስረጃውን ያመጣችው ራሷ ናት። ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቫሌንሺያ ላይ፣ ሙሉውን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሮጠች። ልጁ ስልኩ ላይ ካገኘው ልዩነቱ 2 ሰከንድ ነው። የሩትን ሰዓት አሻሽላለች፤ ግን ከፊቷ ለተሰንበት ግደይ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ ስለነበር ክብረ ወሰኑ የለተሰንበት ሆነ። ያለምዘርፍ የጸደቀላትን ያገኘችው የካቲት 20 ነው፤ ካስቴዮን ከተማ 10 ኪሎ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ጨርሳ የቀድሞውን በ24 ሰከንድ አሻሻለች። ሚያዝያ ላይ ሐምቡርግ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:17:23 አሸነፈች፤ ማራቶን ጀማሪ ሴት እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ፈጥና አታውቅም። ነሐሴ ላይ ወደዚያው ወደ አንትሪም ተመልሳ አሸነፈች።

«ለንደን ላይ ወድቃ አልነበር?»

«መስከረም 2015። 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የመንገድ ጉብታ አደናቀፋት። ተነሥታ 2:17:26 ገባች፤ 23 ዓመቷ ነበር፣ ለንደን ማራቶንን ካሸነፉት ሴቶች ሁሉ ትንሿ። በል ተነሥ!»

ከጓዳ የናይለን ገመድ ወጣ። «ይኼ ጤዛ አይበግረውም» አሉ ሽማግሌው። ከበረንዳው ደረጃ ተነሥተው፣ የአጥሩን ጥግ ዞረው፣ እስከ ሱቁ ግንብ 54 ሜትር ለኩ። ልጁ ነጠላ ጫማውን አውልቆ በረረ፤ ግንቡን ነክቶ ስልኩን ወደ ላይ አነሣ።

«10 ሰከንድ፣ አባባ! ልክ እንደ እሷ!»

ሽማግሌው ገመዱን ክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ ወደ አጥሩ ጥግ አዩ፤ የልጁ ዱካ ጥጉን ሳይዞር በአትክልቱ መሐል አቋርጦ አልፏል።

«አይጸድቅም» አሉ፤ «ተመለስ።»